ከምሕረት ወደ ቃል ኪዳን፦ የአካል ጉዳተኞች ሕክምና የማግኘት መብት ከእንጦጦ ኮረብታ ሲታይ

(ከዚህ በታች የቀረበው በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር ላይ በንባብ ከተሰማው ንግግር የተገለበጠ ነው።)



የታሪክ መምህር ስለ ሕክምና ምን አገባው የሚል ሰው በመካከላችን ይኖር ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። መብት የምንለው ነገር በሕግ መጽሐፍ ላይ ከመጻፉ በፊት ረጅም ታሪክ አለው፤ ከተጻፈ በኋላም ሳይፈጸም የሚቆይበት ሌላ ታሪክ አለው። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለቱም ነው። መነሻዬ ከዚህ አዳራሽ መስኮት የሚታየው የእንጦጦ ኮረብታ ነው።

የዳገቱ መንገድ

በ1969 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ነበር። በየወሩ በ16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የሰዓት እላፊው እንዳበቃ እናቴ ትቀሰቅሰኝና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል እንወጣ ነበር። የእኔ ድርሻ ባዶውን ጀሪካን መያዝ ነው። እናቴ የምትሸከመው ታላቅ እኅቴን ነበር። እትዬ በሁለት ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ይዟት ሁለቱም እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ያም ሆኖ እናቴ በጋቢ አዝላ ያን ሁሉ ዳገት ትወጣው ነበር።

ስንመለስ ፀሐይ ትሞቃለች። በባሕር ዛፉ መካከል እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች እናገኛለን። ወገባቸው ከሸክሙ ብዛት ጎብጧል። እናቴን ሲያዩ ከነሸክማቸው ዳር ይይዙና «ኪዳነ ምሕረት ትማርልሽ» ብለው ያሳልፉናል። እናቴም «አሜን፣ እናንተንም ታግዛችሁ» ትላለች።

ከዚህ ትዝታ ሁለት ነገሮችን ለዛሬው ውይይታችን እወስዳለሁ። አንደኛው፣ በጠበሉ ደጃፍ ማንም ሰው እኅቴን «ካርድ አለሽ ወይ?» አላላትም፤ «አንቺ ደግሞ ለምን መጣሽ?» ያላትም የለም። ዓይነ ስውሩ፣ መስማት የተሳነው፣ አእምሮው የታወከበት፣ ሥጋ ደዌ ጣቶቹን የቆረጠበት ሁሉ በአንድ ሰልፍ ይቆሙ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ እዚያ ሰልፍ ላይ የሚደርሰው የሚያዝለው ጀርባ ያገኘ ብቻ መሆኑ ነው። እናት የሌለው፣ ወይም እናቱ የታመመችበት ልጅ ከዳገቱ በታች ቀርቷል። ምሕረቱ ለሁሉ ነው፤ መንገዱ ግን ለሁሉ አልነበረም።

ከፍል ውኃ እስከ ሆስፒታል

ይህች ከተማ ራሷ የፈውስ ውኃ ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው ሳለ፣ መኳንንቱና ሕዝቡ ለቁርጥማትና ለልዩ ልዩ ሕመም ወደ ፊንፊኔ ፍል ውኃ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱም በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ስለዚህ በከተማችን ታሪክ ውስጥ ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት ውኃ ነበረ። ዛሬ አካል ጉዳተኛ የሆነ ልጅ ያላት እናት አስቀድማ ወደ ጠበል ስትወጣ አይተን «ኋላ ቀርነት» ብለን ለማለፍ መቸኮል የለብንም። እርሷ የምትሄደው ለረጅም ዘመን ክፍት ሆኖ ወደቆየው ብቸኛ በር ነው።

ዘመናዊ ሕክምና በመንግሥት ደረጃ ጎልቶ የመጣው ከጦርነት ቁስል ጋር ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ። ከእንጦጦ ኮረብታ ግርጌ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አመጣጥም ከዚህ ጅማሮ ጋር የተያያዘ ነው። ለሀገሩ ሲዋጋ አካሉን ያጣ ወታደር ክብርና ሐኪም ማግኘቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእናቱ ማሕፀን ጉዳት ይዞ የተወለደው፣ በልጅነቱ በበሽታ የተጎዳው፣ በወሊድ ጊዜ የተጎዳችው ሴት በዚህ አዲስ ሥርዓት ውስጥ ስፍራ አልነበራቸውም። ስፍራቸው እንደ ቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላምና የጠበል ዳር ነበር።

ችሮታ የሠራቸው ቤቶች

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለአካል ጉዳተኞችና ለተገለሉ ሕሙማን ልዩ ልዩ ቤቶች ተሠሩ። ካፑቺን ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1901 በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቆያ አቋቋሙ። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ዳርቻ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የሚጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተመሠረተ። በጣሊያን ወረራ ዓመታት የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ቼሻየር በመናገሻ ሥራውን ጀመረ፤ በልምሻ የተጎዱ ብዙ ልጆችም በእርሱ በኩል በክራንችና በእግር ድጋፍ ለመራመድ በቁ።

እነዚህ ቤቶች ያተረፉትን ሕይወት ማቃለል ነውር ነው። በ1958 ዓ.ም. በዘነበ ወርቅ ግቢ የተመሠረተው አለርት ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ባለሙያዎችን ያሠለጠነ ተቋም ነው። ይሁን እንጂ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ለብቻ የተሠሩ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብለው፣ ከጠቅላላው ሆስፒታል ተለይተው፣ በንጉሣዊ ቸርነት ወይም በውጭ ሀገር በጎ አድራጊ ገንዘብ የቆሙ ነበሩ። እዚያ የገባ ሰው ያመሰግናል። ያልገባ ሰው ግን የሚከሰው አካል የለውም፤ ችሮታ የሚጠየቅበት ፍርድ ቤት ስለሌለ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የልምሻ ክትባት በአሜሪካ ለሕዝብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በሀገራችን ሕፃናትን የሚያዳርሰው የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ማለትም በ1972 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 25 ዓመታት አሉ። እኅቴ የታመመችው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። ይህን ስል የእርሷ ሕይወት ባይኖር ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም፤ እርሷም ይህን ዓይነት አነጋገር አጥብቃ ትጠላለች። ለማለት የፈለግሁት፣ የአካል ጉዳት የ«ዕጣ» ነገር ብቻ እንዳልሆነ ነው። መድኃኒት ማን ዘንድ መቼ እንደሚደርስ የሚወስን ሰው ሁልጊዜ አለ።

ሕጉ እንዴት አያቸው?

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ እናገኛለን። የዚህ ሕግ አንቀጽ 340 ዓይነ ስውራንን፣ መስማትና መናገር የተሳናቸውን እና በዘላቂ ደዌ ምክንያት ራሳቸውን ለመምራት ያልቻሉትን ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተደነገገውን ጥበቃ ሊጠይቁ ይችላሉ ይላል። ሐሳቡ ጥበቃ ነው፤ የጥበቃው ቅርጽ ግን ሰውየውን ስለ ራሱ መወሰን ከማይችል ሰው ጋር ያስተካክለዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅትን ሲመሠርት፣ አካል ጉዳተኛን የተረጎመው መተዳደሪያውን ማግኘት የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው አድርጎ ነው፤ በዕድሜ ምክንያት ሠርተው መኖር የማይችሉ ልጆችንና አረጋውያንንም በዚያው ውስጥ አጠቃሎ ነበር። በዚህ ትርጉም መሠረት ደመወዝ የሚበላ ዓይነ ስውር መምህር አካል ጉዳተኛ አይደለም፤ ጤናማ ነገር ግን ወላጅ የሌለው ልጅ ነው። የሕጉ ዓይን የሚያየው ድህነቱን እንጂ በሩ ላይ ያለውን ደረጃ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሕግ ለውጥ ትልቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና አገልግሎት የሚመድበው ሀብት እየጨመረ እንዲሄድ ያስገድዳል፤ በዚያው አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 5 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት አቅም በፈቀደ መጠን እንዲሠራ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ደነገገ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አስገደደ። በመጨረሻም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው ጋር እኩል በሆነ ዓይነት፣ ጥራትና ደረጃ፣ በነጻ ወይም በሚቻል ዋጋ፣ በሚኖሩበት አካባቢ፣ በራሳቸው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሕክምና እንዲያገኙ ያዝዛል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ከ1952 እስከ 2002 ባሉት 50 ዓመታት ውስጥ አካል ጉዳተኛው ከተጠባቂነት ወደ ባለመብትነት ተሻገረ፤ በወረቀት ላይ።

ሚዛኑ

በ1985 ዓ.ም. እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ አንድ የሕክምና ተቋም ገባች። አጅቤያት ነበር። የማዋለጃው አልጋ ከፍታው ከደረቷ ይደርሳል፤ ሁለት ዘበኞች ተጠርተው አንሥተው አወጧት። አዋላጇ በምርመራው መካከል «አንቺን ደግሞ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለቻት። እኅቴ የምትወደውና የሚወዳት ባል ነበራት። ያን ቀን ግን መልስ አልሰጠችም። ሐኪሙ ጥያቄውን ሁሉ የጠየቀው እኔን ነው። «ምጡ መቼ ጀመራት?» «ቀድሞ ታማ ታውቃለች?» የ22 ዓመት ወንድ ልጅ ስለ እኅቱ ምጥ ምን ያውቃል? እርሷ እዚያው አጠገባችን ተኝታ ትሰማለች።

በዚያ ዘመን ሕገ መንግሥቱም፣ የሕንፃ አዋጁም፣ ስምምነቱም አልነበሩም ልንል እንችላለን። እንግዲህ የቅርቡን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ደም ግፊቷን ለመታየት ወደ ሌላ ተቋም ሄደች። ሠራተኞቹ ትሑቶች ነበሩ፤ «እናታችን» እያሉ ነው ያስተናገዷት። ነገር ግን የክብደት መለኪያው ቆሞ ለሚመዘን ሰው ብቻ የተሠራ ስለሆነ ካርዷ ላይ ክብደቷ በግምት ተጻፈ። ቤት ስንደርስ «ከልጅነቴ ወዲህ ተመዝኜ አላውቅም እኮ» አለችኝ። አንድ ሰው ሊሞላት ስድሳ ዓመት በቀረባት ዕድሜ ውስጥ ሁሉም የታዘዘላት መድኃኒት በግምት ክብደት የታዘዘ ነበር ማለት ነው። እዚያ ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ ማንም ሰው እርሷን የመመዘን ግዴታ እንዳለበት አለማወቁ ነው።

ግምቱ ከአንዲት ሴት ክብደት ይልቃል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሀገሪቱ 805,492 አካል ጉዳተኞች እንዳሉ መዝግቧል፤ ይህም ከሕዝቡ ከመቶ 1 ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዓለም አቀፍ ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ ግምት ከመቶ 17.6 ነው። አንደኛው ቁጥር ከሌላው ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ በከፊል ከአጠያየቁ የመጣ ነው። «ቤታችሁ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ ከዕፍረት የተነሣ «የለም» ይላል፤ «ለመራመድ፣ ለማየት፣ ለመስማት የሚቸገር አለ?» ሲባል መልሱ ይለወጣል። በጓዳ የተደበቀ ልጅ አይቆጠርም፤ ላልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝም፤ በጀት ያልተያዘለት ጤና ጣቢያም ዝቅ የሚል አልጋ አይገዛም። ይህ ሁሉ ዋጋው በዕድሜ ይከፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው አንዳንድ አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ።

ጠበሉና መድኃኒቱ

እንደገና ወደ እንጦጦ ልመለስ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ ወደ እንጦጦ ጠበሎች መጥተው፣ በዙሪያው በጭቃ ቤቶች ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ብዙዎች መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት መስሏቸው ፈሩ። በዚህ መካከል ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ሰዎች ከሁለት በሮች አንዱን እንዲመርጡ መገደዳቸው ቀረ። በቅርብ ዓመታትም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጠበል ስፍራ ከአጥማቂ ካህናት ጋር ተባብረው ሕሙማንን መርዳት እንደሚቻል በጥናት አሳይተዋል።

ታሪክን ሳናቆነጅ መናገር ስላለብን፣ በሀገራችን የጠበል ስፍራዎች አእምሯቸው የታወከባቸው ሰዎች በሰንሰለት ታስረው እንደሚታዩም መናገር ይገባል። ያሠሯቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚወዷቸው ቤተሰቦች ናቸው። ሐኪም ቤት ሩቅ፣ መድኃኒት ውድ፣ አልጋ ጥቂት ሲሆን ፍቅርም ሰንሰለት ያነሣል። ያን ሰንሰለት የሚፈታው የቤተሰቡ መወቀስ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ዳገቱን ወጥቶ ሰዎቹ ወዳሉበት መሄዱ ነው። «በሚኖሩበት አካባቢ» የሚለው የአንቀጽ 25 ቃል በእንጦጦ የሚተረጎመው እንዲህ ነው።

ኪዳን ማለት

«ኪዳነ ምሕረት» የሚለው ስም ሁለት ቃላት ይዟል። ምሕረትን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሰጪው ልብ የሚፈቅደው ነው። ኪዳን ግን ከዚህ ይለያል። ቃል ኪዳን የገባ አካል ልቡ በራራ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ቃሉ ያስረዋል። ተቀባዩም «ብለሃልና ፈጽም» የማለት ድፍረት ያገኛል። ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሰነዶችን ወደ አማርኛ የመለሱ ባለሙያዎች አንዳንዶቹን «ቃል ኪዳን» ማለታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሕዝባችን በየወሩ በ16 ዳገት የሚወጣው ኪዳን እንዳለ አምኖ ነው። መብትም በዓለማዊው ሥርዓት ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃል፤ የማይታጠፍ ቃል።

«አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ይህን ቃል አይሽረውምን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን መልስ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፑሮሂትና ሙር በጋምቢያ ላይ ባቀረቡት አቤቱታ፣ በሀገሪቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስለተያዙ ሰዎች ሲወስን፣ ኮሚሽኑ የአፍሪካን ድህነት አልካደም። ነገር ግን መንግሥት ያለውን ሀብት ሙሉ በሙሉ ተጠቅሞ፣ ያለ አድልዎ፣ ተጨባጭና የታለመ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት አለ። ኢትዮጵያም የዚሁ ቻርተር ተዋዋይ ናት። ድህነት ለመዘግየት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ላለመጀመር ግን አይሆንም። የክብደት መለኪያ፣ ዝቅ የሚል የምርመራ አልጋ፣ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ነርስ፣ በሐኪሙ አፍ በሽተኛዋን ራሷን መጠየቅ፤ እነዚህ የሀብታም ሀገር ቅንጦቶች አይደሉም።

ማጠቃለያ

ንግግሬን ከመቋጨቴ በፊት ፈቃዷን ጠይቄ አንድ ነገር ልናገር። እትዬ ዛሬ እዚህ ናት፤ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። ይህ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አራት ተማሪዎቻችን ከነወንበሯ አንሥተው አወጧት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወንበሯ ላይ ሳስተካክላት በጆሮዬ ያለችኝን ልድገምላችሁ፦ «ልጆቹ የተባረኩ ናቸው። እዚህ ግን የምገባበት መጸዳጃ እንደማይኖር ስለማውቅ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ አልጠጣሁም።»

የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ሴት ናት።

እኛ በዚህ ፋኩልቲ የምናስተምር ሰዎች ስለ አንቀጽ 25 መጻፍ እንችላለን፤ እኔም ጽፌያለሁ። ነገር ግን የሕንፃ አዋጁ ከወጣ ከዐሥር ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ ይህን ደረጃ በየቀኑ እየወጣን አንድም ቀን ደብዳቤ አልጻፍንም። እኔም ጭምር። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ በር ላይ አንድ ማመልከቻ ይጠብቃችኋል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የሚቀጥሉት ሕዝባዊ ገለጻዎች በምድር ቤት እንዲሆኑ፣ በምድር ቤቱም አንድ መጸዳጃ በሕጉ መሠረት እንዲስተካከል። የሕግ ተማሪዎች የአንቀጹን ቁጥር አስገብታችሁበታል፤ የልመና ቃልም እንዳይገባበት ተጠንቅቄያለሁ። ቀድማ የፈረመችው እትዬ ናት።

አራቱ ልጆች እባካችሁ ሳትሄዱ ጠብቁን፤ ገና መውረድ አለብን።